የልጄን ረጅም ጸጉር ለሠራችልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ባለፈው ጥር ታላቋን ልጄን ዳርኩ። የሠርጉ ግርግር አልፎ እንግዶቻችንን ከሸኘን በኋላ፣ በዚያ ሁሉ ዝግጅት ከደከሙልን ሰዎች መካከል አንዷን በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ መብላት ይሆንብኛል። የምትሠራው እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጥቂት ወንበሮች ብቻ ባሏት ጠባብ ጸጉር ቤት ነው። ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቀችኝ እዚህ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በእሷ ፈቃድ በደስታ እሰጣለሁ። ነገሩን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው፣ ረጅም ጸጉር ያላት ሙሽራ ወይም የሙሽራ እናት ይህችን ባለሙያ ለምን እንደምጠቁማት ከሥራዋ አይታ እንድትፈርድ ብዬ ነው።

የልጄ ጸጉር ከወገቧ ያልፋል። ፍሪዝ ነው፤ ብዛት አለው፤ ሲረጥብ ደግሞ ክብደቱ አንገት ያደክማል። ከልጅነቷ ጀምሮ አያቷ ቅቤ እየቀቡ፣ ሹሩባ እየሠሩ ያሳደጉት ጸጉር ነው። ጸጉር በአማካይ በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ዕድገት ስላለው፣ እዚያ የደረሰው በብዙ ዓመታት ትዕግሥት መሆኑን ረጅም ጸጉር ያሳደገች ሁሉ ታውቀዋለች። ልጄ ታዲያ ለሠርጓ የፈለገችው፣ የሆሊውድ ተዋናዮች በቀይ ምንጣፍ ላይ የሚታዩበትን ዓይነት፣ ወደ ላይ ተሰብስቦ በጥንቃቄ የተያዘ ስታይል ነበር። በስልኳ ያስቀመጠቻቸው ፎቶዎች ብዙ ነበሩ፦ ግሬስ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1955 ኦስካር ስትቀበል ዝቅ ብሎ ተጠቅልሎ በቢጫ አበቦች ያጌጠው ጸጉሯ፣ ግዊኔት ፓልትሮው በ1999 ሮዝ ቀሚስ ለብሳ ወደ ኋላ አስተኝታ የያዘችው፣ ጁሊያ ሮበርትስ በ2001 ከፍ አድርጋ የሰበሰበችው፣ ዜንዳያ በ2018 አናቷ ላይ የጠቀለለችው።

እነዚህን ፎቶዎች ይዘን የዞርንባቸው ጸጉር ቤቶች የሰጡን መልስ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነበር። ጸጉሯ እጅግ ስለረዘመ ቢያጥር ይሻላል፤ ወይም በኬሚካል ይለስልስ፤ አለዚያም የራሷ ጸጉር ወደ ታች ተጨፍልቆ በላዩ የተዘጋጀ ጥቅል ይቀመጥበት። ሰዎቹ በክፋት አልተናገሩም፤ ከባድና ረጅም ጸጉርን ሰብስቦ ቀኑን ሙሉ ማቆየት በእርግጥም ከባድ ሥራ ነው። ነገር ግን አንዲት ሙሽራ ዕድሜዋን ሙሉ ያሳደገችውን ጸጉር ለአንድ ቀን ጌጥ ብላ እንድትቆርጥ መምከር ለእኔ አልዋጥልህ አለኝ።

ወደዚህች ባለሙያ የሄድነው በአንዲት ጎረቤታችን ጥቆማ ነው። ልጄ ፎቶዎቹን ስታሳያት መጀመሪያ የጠየቀችው ጥያቄ ልቤን አሳረፈው። «ከኋላ የተነሱትስ የታሉ?» አለች። በቀይ ምንጣፍ ላይ ፎቶ አንሺዎች የሚሻሙት ፊት ለፊቱን ስለሆነ፣ ስታይሉ በምን ላይ እንደቆመ የሚያሳየው የኋላው ክፍል ብዙ ጊዜ አይታይም። ተዋናይቷም ፎቶ ተነስታ፣ ተቀምጣ፣ ሽልማት ተቀብላ ትሄዳለች፤ የጸጉር ባለሙያዋም ከአጠገቧ አይርቅም። የእኛ ሙሽራ ግን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ትውላለች፣ ታመሻለች። ስለዚህ ባለሙያዋ ወረቀት አውጥታ ስለ ጸጉር ሳይሆን ስለ ቀኑ ውሎ ትጠይቀን ጀመር። ሥርዓተ ተክሊል አለ ወይ? አክሊሉ የሚያርፈው የት ላይ ነው? ነጠላው ምን ያህል ሰዓት ከራሷ ላይ ይቆያል? ጉልበት የምትስመው ስንት ሽማግሌ ነው? ቬሎው በምን ይያዛል? እስክስታ ትወርዳለች?

ከዚህ በኋላ ከፎቶዎቹ መካከል የትኛው እንደሚሆን ራሱ ቀኑ መረጠው። አናት ላይ የሚጠቀለለው የዜንዳያ ስታይል ከአክሊሉ ጋር አይስማማም፤ የጁሊያ ሮበርትስም ከፍታው በነጠላው ይጨፈለቃል። የፓልትሮው ዓይነት ጸጉርን ከግንባር አጥብቆ ወደ ኋላ የሚስብ ስለሆነ፣ እንዲህ ለከበደ ጸጉር የግንባሯን ዳር ይጎዳዋል ብላ አልፈቀደችም። የቀረው የግሬስ ኬሊ ነበር፤ አናቱ ዝርግ ሆኖ አክሊሉን በደንብ ያስቀምጣል፣ ጥቅሉም ከማጅራት ከፍ ብሎ ነጠላውን ደግፎ ይይዛል። ልጄ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፤ ምክንያቱን አንድ በአንድ ስትሰማ ግን ራሷ ወደደችው።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሙሉ ሙከራ ተደረገ። እኔም ጎን ተቀምጬ ሥራዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተልኩ። ጸጉሩ ከዋዜማው ታጥቦ እንዲመጣ ነበር ያዘዘችው፤ የዕለቱ ዕለት የታጠበ ጸጉር ያንሸራትታል፣ የጸጉር መያዣ ሽቦም አይዝም። ከዚያ በፎን አለሳልሳ፣ ሙቀቱን ከ180 ዲግሪ ሳታሳልፍ፣ እየከፋፈለች በትልልቅ ቢጎዲን ጠቀለለችውና ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጇን አላሳረፈችበትም። ልጄ ስትቸኩልባት፣ ጸጉር ቅርጹን አጥብቆ የሚይዘው ሲሞቅ ሳይሆን ሲቀዘቅዝ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳቻት። እውነትም ነው፤ በጸጉር ውስጥ ያሉት ጊዜያዊ ትስስሮች በእርጥበትና በሙቀት ይላላሉ፣ ሲደርቁና ሲቀዘቅዙ ደግሞ በተሰጣቸው ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ። ገና ትኩስ ሳለ የተፈታ ጥቅልል ምሳ ሳይደርስ የሚዘረጋው ስለዚህ ነው።

ዋናውን ጥበቧን ያየሁት ግን መሠረቱን ስትጥል ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ጸጉር በአንድ ላስቲክ ታስሮ ቢጠቀለል ክብደቱ ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ይወርዳል፣ ራስም ያሳምማል። እሷ ግን ከአንዱ ጆሮ ጀርባ እስከ ሌላው፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ላላ ያለ ጠፍጣፋ ሹሩባ ሠራች። ይህ ሹሩባ ከውጭ አይታይም፤ ሥራው መሸከም ብቻ ነው። የታችኛውን ጸጉር በዚያ ላይ ጠቅልላ፣ ጫፉ በደነዘዘ መርፌና የጸጉሩን ቀለም በመሰለ ክር ሰፋችው። የላይኛውን ጸጉር ደግሞ ለሁለት ከፍላ አንዱን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ አዞረችው፤ ሁለቱም በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሳሳቡ አንዱ ሌላውን ይይዛል። ሽቦዎቹን ስትሰካ ሞገድ ያለውን ጎን ወደ ራስ ቅል፣ ቀጥ ያለውን ወደ ውጭ ታደርግና ሁለት ሁለቱን እንደ መስቀል ታቆላልፋቸዋለች። እኔ ዕድሜ ልኬን ሞገዱን ወደ ውጭ አድርጌ ስሰካ የኖርኩ ሴት ነኝና፣ ይህን ያየሁ ዕለት ለእህቶቼ ሁሉ ደውዬ ነገርኳቸው። በመጨረሻ የግንባሩን ጸጉር በስሱ ወደ ኋላ አልብሳ፣ ጥቅሉን በጸጉሩ ቀለም ስስ መረብ ሸፈነችው። ስፕሬይ የነፋችው እጅግ በጥቂቱ ነው።

በክርና በመርፌ መስፋቷ ለአንዳንዶቻችን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ ነዋሪ የሆነችው የጸጉር ባለሙያ ጃኔት ስቲቨንስ፣ በጥንታዊት ሮም ሐውልቶች ላይ የሚታዩት ውስብስብ የሴቶች የጸጉር አሠራሮች በመርፌና በክር ተሰፍተው ይያዙ እንደነበር በራሷ እጅ ሠርታ በማሳየት እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ የሮማ ሥነ ቁፋሮ መጽሔት ላይ ጽፋለች። የሹሩባ መሠረቱ ደግሞ የእኛው የእናቶቻችን ነው። ይህችው ባለሙያ ሹሩባ መሥራት የተማረችው ከእናቷ እንደሆነ ነግራኛለች፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን እጅ ከሌላ ቦታ ልታገኘው አትችልም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሥራው መካከል ደጋግማ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር። ትንሿን ጣቷን በግንባሩ ጸጉር ዳር አስገብታ «እስቲ ቅንድብሽን ወደ ላይ አንሺልኝ» ትላታለች። ቅንድቧ እንደልብ ካልተነሳ ወይም ቆዳዋ ከተወጠረ፣ ያንን ክፍል ያለ ምንም ማመንታት ፈታ እንደገና ትሠራዋለች። ከመጠን በላይ ተወጥሮ የሚሠራ ጸጉር በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን ጸጉር ቀስ በቀስ እንደሚያሳሳ፣ ልማዱ ለዓመታት ሲቀጥል ደግሞ ጸጉሩ ተመልሶ ላይበቅል እንደሚችል የቆዳ ሐኪሞች የሚያስጠነቅቁት ነገር ነው። በየቤተሰባችን የግንባራቸው ጸጉር የሸሸ እህቶች ስላሉን፣ «ውበት ሲያምርሽ ቻይው» የማትል ባለሙያ ማግኘት እንደ እኔ ላለች እናት ትልቅ ነገር ነው።

ሙከራው ሲያበቃ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን እንድትስም አደረገቻት። ከዚያ በስልኳ ሙዚቃ ከፍታ «በይ እስክስታ ውረጂልኝ» አለቻት። ልጄ እየሳቀች ትከሻዋን መታች፣ አንገቷንም ሰበቀች፤ ባለሙያዋ ግን አልሳቀችም፣ ዓይኗ ከጥቅሉ ላይ አልተነሳም። በግራ በኩል ትንሽ ሲላላ አየችና በዚያ ቦታ ለሠርጉ ዕለት ተጨማሪ ስፌት እንደሚያስፈልግ በወረቀቷ ላይ ጻፈች።

በሠርጉ ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ ከቤታችን ደረሰች። በቤተ ክርስቲያን አክሊሉ ሲጫን በአናቷ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ነጠላውም ሳይንሸራተት ሥርዓቱ እስኪፈጸም ቆየ። ሙሽራዋ ልብሷን ስትቀይር ደግሞ በጥቅሉ ዙሪያ ትናንሽ ቢጫ ጽጌረዳዎች ሰካችበት። ልጄ የተመኘችው አደይ አበባ ነበር፤ አደይ ግን የመስከረም እንጂ የጥር አበባ አይደለችም። ባለሙያዋ ጽጌረዳዎቹ እንዳይጠወልጉ እያንዳንዱን ግንድ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልላ፣ ውኃው ጸጉሩን እንዳይነካ በላዩ ላይ ፕላስቲክ አስራበት ነበር። የጉልበት መሳሙ፣ የፎቶው፣ የጭፈራው ሰዓት ሁሉ አልፎ ማታ ቤት ስትገባ ጸጉሯ ጠዋት እንደወጣች ነበር። ራስ ምታት አላልሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ጸጉሯ ተሠርቶ መዋሉን ረስታው እንደነበር ነገረችኝ።

ብዙዎች የማይጠብቁትን አገልግሎት ደግሞ ልንገራችሁ። ለመልሱ በማግስቱ ተመልሳ መጥታ የሠራችውን ራሷ ፈታችው። ክሩን በትንሽ መቀስ አንድ በአንድ እየቆረጠች፣ ሽቦዎቹን የጻፈችው ቁጥር እስኪሞላ እየቆጠረች አወጣች፤ ከዚያም ከጫፍ ጀምራ ወደ ላይ አበጠረችው። ማበጠሪያው ላይ የቀረው ጸጉር ከወትሮው የማይበልጥ መሆኑን አሳይታኝ ነው ሹሩባውን የጀመረችው። የሐበሻ ቀሚስና ካባ ለብሳ በሹሩባ ስትወጣ አያቷ እልል አሉ።

ከሚዜዎቹም መካከል የአንዷ ጸጉር አጠር ያለና ጠንከር ያለ ነበር፤ የእኔ ጸጉር ለእንዲህ ዓይነቱ አይሆንም ብላ ሰግታ ነበር። ባለሙያዋ፣ ተዋናይቷ ሉፒታ ኒዮንጎ እ.ኤ.አ. በ2016 ሜት ጋላ በተባለው የኒውዮርክ የፋሽን ድግስ ላይ ጸጉሯን ወደ ሰማይ አቁማ የወጣችበትን ፎቶ አሳየቻትና፣ እንዲህ ያለው ጸጉር የተሰጠውን ቅርጽ ለመያዝ ከሉጫው የተሻለ እንደሆነ ነግራት፣ ሳትተኩሰው ውብ አድርጋ ሠራችላት።

ለምትፈልጓት እህቶቼ ጥቂት ልጨምር። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሠርግ ወራት ቀጠሮዋ ቶሎ ስለሚሞላ ቀድማችሁ ያዙ። በአንድ ቀን ከአንድ ሙሽራ በላይ አትቀበልም፤ በዚህ ምክንያት የምትጠይቀው ክፍያ ከብዙዎቹ ከፍ ይላል፣ ነገር ግን ሙከራውንም በማግስቱ ጸጉሩን መፍታቱንም ጨምራ አስቀድማ በጽሑፍ ስለምታሳውቅ በዕለቱ የሚጨመር ነገር የለም። ስትሄዱ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የተነሱ ፎቶዎችን፣ የቀሚሳችሁን የአንገት ቅርጽ የሚያሳይ ምስልና ቬሎ ካላችሁ ራሱን ቬሎውን ይዛችሁ ሂዱ። ጸጉራችሁን ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ቀለም ወይም ኬሚካል ነክቶት ከሆነ ሳትደብቁ ንገሯት፤ የሙቀቱን መጠን የምትወስነው በዚያ ነው።

አንቺ ባለሙያችን፣ ይህን ጽሁፍ እንደምታነቢው አውቃለሁ። የልጄን ጸጉር እንደ ራስሽ ጸጉር ስለተጠነቀቅሽለት፣ በዚያች ጠዋት ከእኔ ቀድመሽ ስለነቃሽላት እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጅሽ ይባረክ፣ እናትሽንም ዕድሜ ይስጥልኝ። ትንሿ ልጄ ተራዋ ሲደርስ ቀጠሮ የምንይዘው ካንቺው ጋር ነው።