ለልጄ የሠርግ ኪልት የሰፉልንን ባለሙያ ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

በስኮትላንድ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ከስተርሊንግ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ መንደር፣ በመኖሪያ ቤታቸው ጓዳ ተቀምጠው ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች ከወገብ በታች የሚለብሱትን ባለሽንሽን ባህላዊ ልብስ) የሚሰፉ አንዲት አዛውንት ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገንና ልጁን የሚድር ወይም ራሱ የሚሞሸር ሰው ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። እኔ ራሴ እዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት መርካቶ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በልብስ ስፌት የኖርሁ፣ ዛሬም በግላስጎው ልብስ በማስተካከል የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ፣ የማንንም ሥራ ውስጡን ገልብጬ ሳላይ አላመሰግንም።

ልጄ ከዚህ በፊት ለጓደኛው ሚዜ ሲሆን ከአንድ ሱቅ የተዘጋጀ ኪልት ገዝተን ነበር። ጨርቁ ሰው ሠራሽ ነበር፤ ሽንሽኑም በመኪና ተሰፍቶ በካውያ ብቻ የተያዘ ስለነበር በሠርጉ ዕለት ዝናብ እንደነካው ተበተነ፤ ከኋላ ሲታይ ደግሞ የጨርቁ መስመር በአንዱ ሽንሽን ላይ ከፍ፣ በሌላው ላይ ዝቅ ብሎ ዓይን ያደናግር ነበር። ስለዚህ የራሱ ሠርግ ሲደርስ በእጅ የሚሰፋ ሰው አፈላልገን እሳቸውን አገኘን።

የኪልቱ ባለመስመር ጨርቅ ታርታን ይባላል፤ ብዙውም የየጎሳው መለያ ስለሆነ ከእኛ መካከል ብዙ ሰው «የየትኛው ጎሳ ታርታን ነው ብባል ምን እመልሳለሁ?» ብሎ ይሳቀቃል። እሳቸው ይህን ከፊታችን አንብበው ነው መሰለኝ፣ ማንም ሊለብሳቸው የሚችሉ ታርታኖችን አንድ በአንድ ዘርግተው አሳዩን፤ ልጄም ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነውን፣ ብላክ ዎች የሚባለውን መረጠ። የታዘዘው ንጹህ ሱፍ፣ በያርድ 16 አውንስ የሚመዝን ከባዱ ዓይነት ሲሆን፣ ለአንድ ኪልት 8 ያርድ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ይፈጃል። ለአንድ ሰው ወገብ ይህ ሁሉ ጨርቅ ወዴት ይገባል ብዬ ጠየቅሁ። ከፊት ተደራርበው የሚውሉት ሁለቱ ገጾች ሽንሽን የሌላቸው ዝርግ ናቸው፤ የቀረው ጨርቅ በሙሉ በጀርባ በኩል ወደ ሽንሽኑ ይገባል።

የሥራው ክብደትም ያለው እዚያው ጀርባው ላይ ነው። የልጄ ኪልት 27 ሽንሽን አለው። እያንዳንዱ ሽንሽን አንድ ሙሉ የመስመር ዙር (መስመሮቹ ተሟልተው እንደ አዲስ እስኪጀምሩ ያለውን ጨርቅ) ወደ ውስጥ አጥፎ ይይዝና በውጭ የሚያሳየው ጣት የማትሞላ ስፋት ብቻ ነው፤ ሆኖም እነዚያ ጠባብ ስፋቶች ጎን ለጎን ሲሰለፉ የታርታኑን መልክ መልሰው ይሠሩታል፤ ጀርባው ያልተሸነሸነ ጨርቅ ይመስላል። ወታደሮች እንደሚለብሱት አንዱን መስመር ብቻ በየሽንሽኑ መሀል እየደጋገሙ መስፋትም ይቻላል፤ ልጄ ግን የመጀመሪያውን ወደደ። የልጄ ወገብ 81፣ ዳሌው 97 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከልዩነቱ ግማሹን ማለትም 8 ሴንቲ ሜትሩን ጀርባው ብቻውን መሸከም አለበት። ይህ ለ27 ሲካፈል እያንዳንዱ ሽንሽን ከዳሌ ወደ ወገብ ሲወጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል መጥበብ ይኖርበታል ማለት ነው። ሽንሽኑ እየጠበበ መስመሩ ሳይሰበር መውጣቱ በመርፌና በትዕግሥት ካልሆነ በምንም አይመጣም።

ለሁለተኛ ልኬት ስንሄድ የሆነውን ልንገራችሁ። ጀርባው ተሰፍቶ አልቆ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁና እንከን አጣሁበት። እሳቸው መብራቱን አስጠግተው በጠቋሚ ጣታቸው አረንጓዴውን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ተከተሉ፤ 19ኛው ሽንሽን ላይ ጣታቸው ቆመ። መስመሩ በአንዲት ክር ውፍረት ወርዷል። አንዱ ሽንሽን በሌላው ላይ ስለሚደረብ ያንን ብቻ ማረም አይቻልም፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሁሉ እዚያው ፊታችን መተርተር ጀመሩ፤ ሥራው በአራት ቀን ስለሚዘገይም ይቅርታ ጠየቁን። አንድ ሳንቲም አልጨመሩብንም።

ውስጡን ገልብጬ አየሁት። በወገብና በዳሌ መካከል የተደራረበው ትርፍ ጨርቅ ጀርባ ላይ እንዳያብጥ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የሽንሽኑ ክብደት በላዩ ስፌት ላይ እንዳይንጠለጠል ከውስጥ በኩል አግድም በጠንካራ ክር ተይዟል፤ በላዩ ካንቫስ፣ በካንቫሱ ላይ የጥጥ ገበር በእጅ ተሰፍቷል። የታችኛው ጠርዝ ቅምቅማት የለውም። ሸማኔው የጨረሰው የጨርቁ ዳር ራሱ ጠርዝ ስለሚሆን፣ ርዝመቱ የጉልበት ሎሚ ላይ እንዲያርፍ ገና ከመጀመሪያው በትክክል መለካት አለበት፤ እሳቸውም ጫማውን አስወልቀው ሦስት ጊዜ ለክተውታል። የቆዳ ጠፍሮቹ ሦስት ናቸው፤ ከውስጠኛው ገጽ የሚነሳው በግራ ጎን ባለች ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣና ከውጭ ካለው ዘለበት ጋር ይያያዛል። በእኛ ዘንድ የተለመደ አሠራር ስላልሆነ ቀዳዳዋን ያላለቀ ስፌት መስሏት የለባሹ ሚስት እንዳትደፍናት! በውጨኛው ገጽ ላይ የሚደረገው ጌጠኛ መርፌ ቁልፍም የሚወጋው ያንን ገጽ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ ከወጋ ሲራመዱ ጨርቁ ይቀደዳል።

በሠርጉ ዕለት እንደ ልማዱ ዘነበ። ልጄ ከቤተ ክርስቲያን እስከ አዳራሽ በእግሩ ሄደ፤ እስክስታም ወረደ፤ ሲቀመጥ ተጨማድዶ ሲነሳ ሽንሽኑ በየቦታው ይመለስ ነበር። እኔም ከኋላው ቆሜ ያንን 19ኛውን እየፈለግሁ አጣሁት።

እማማ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለእናንተ ደግሞ የምለው ይህ ነው፤ ከነጨርቁ የከፈልነው 640 ፓውንድ ርካሽ አይደለም፤ ነገር ግን ወገብ ሲሰፋ ዘለበቱ ሊዛወር፣ አስፈላጊም ከሆነ ኪልቱ ተፈትቶ እንደገና ሊሰፋ የሚችል በመሆኑ ዕድሜ ልክ የሚለበስ ነው። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍሁት ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ነው፤ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ብቻቸውን ስለሚሰፉ ቢያንስ ከሦስት ወር አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ።