በዋሽንግተን አካባቢ የተጣሉ ጊኒ ፒጎችን ተቀባብለው ለአዲስ ቤት የሚያበቁ በጎ ፈቃደኞች፦ የአገልግሎታቸው ግምገማ

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩና ለልጆቻችሁ ጊኒ ፒግ (ሣር በል የሆነ ትንሽ የቤት እንስሳ) ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የተጣሉትን የሚሰበስቡ በጎ ፈቃደኞችን እንድታነጋግሩ እመክራለሁ። እኛ ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች የተቀበልነው በሰሜን ቨርጂኒያ ከሚንቀሳቀስ አንድ ቡድን ነው። ቡድኑ የራሱ ሕንፃም ሆነ ደመወዝተኛ የለውም፤ እንስሳቱ ቤት እስኪያገኙ ድረስ የሚቆዩት በአባላቱ ሳሎንና ምድር ቤት ውስጥ ነው። ይህን ስሰማ በመጀመሪያ ሥርዓት የሌለው ነገር መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ከፍዬ ካገኘኋቸው ብዙ አገልግሎቶች ይልቅ በጥንቃቄ የተሠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሥራው የቅብብሎሽ ሥራ ነው። አብዛኞቹ የእንስሳት መጠለያዎች በዋናነት የተዘጋጁት ለውሻና ለድመት ስለሆነ፣ ጊኒ ፒግ ሲመጣባቸው ለበጎ ፈቃደኞቹ ይደውላሉ። አንዱ ከሪችመንድ ተቀብሎ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ያደርሳል፤ ሌላው ከዚያ ተረክቦ ወደ ፌርፋክስ ያመጣል፤ ሦስተኛው ወደ ሐኪም ይወስዳል፤ አራተኛው በቤቱ ያሳርፋል። የእኛዎቹ የተገኙት በአንድ አፓርታማ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ በካርቶን ውስጥ እንደተተዉ ነው። ጊኒ ፒግ በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከሰው ጋር የለመደ እንስሳ ነው፤ በዱር የሚኖሩ ዘመዶች አሉት እንጂ እሱ ራሱ በዱር የሚኖር ዝርያ አይደለም። ስለዚህ «ሣር አያጣም» ብሎ ሜዳ ላይ መልቀቅ ለሙቀት፣ ለብርድ ወይም ለአዳኝ አውሬ መስጠት ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ላመሰግናቸው የምፈልገው ስለማይቸኩሉ ነው። እንስሳቱን በፎቶ አይተን ከወደድናቸው በኋላ ወዲያውኑ እንድንወስዳቸው አልፈቀዱልንም፤ ከወንድ ጋር ኖረው እንደሆነ ስለማይታወቅ የእርግዝናው ጊዜ ማለፍ ነበረበት። ጊኒ ፒግ እንደየሁኔታው ከ59 እስከ 72 ቀን ታረግዛለች፤ በወለደች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደግሞ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ወንዱ ግልገል ገና በሦስት ሳምንቱ ገደማ ለማስረገዝ ሊደርስ ስለሚችል ከእናቱና ከእህቶቹ መለየት አለበት። ሳትወልድ ስድስት ወር ገደማ ያለፋት ሴት ከዚያ በኋላ ብታረግዝ የዳሌዋ አጥንት እንደልብ ስለማይላቀቅ ምጡ ሊገድላት ይችላል። ብዙ ጊኒ ፒጎች ለመጣል የሚበቁትም ሱቅ ውስጥ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ተብለው ተሸጠው፣ አንዱ ወንድ ሆኖ ሲገኝና ቤቱ በግልገል ሲሞላ ነው። የበጎ ፈቃደኛዋ ቤት ስንደርስ አንዷን በጭኗ ላይ በጀርባዋ አስተኝታ፣ ከሆዷ በታች በአውራ ጣቷ ለስለስ አድርጋ እየተጫነች፣ ሴትና ወንድ በምን እንደሚለዩ ለልጄ አሳየቻት። እንስሳ የሸጠልን ሱቅ እንኳ እንዲህ ያለ ትምህርት ሰጥቶን አያውቅም።

የሚሰጡት ምክርም እንዲሁ በምክንያት የተደገፈ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ በሰውነቱ መሥራት ስለማይችል በየቀኑ በክብደቱ ልክ በኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ ካጣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ መራመድም ያቅተዋል። ለዚህ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ጥሩ ነው። ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ድርቆሽ ከፊቱ መጥፋት የለበትም። እንጀራና ዳቦ ግን፣ ልጆች ማካፈል ቢወዱም፣ አይሰጥም። በተለይ ለእኛ ቤተሰቦች የሚጠቅመው ማስጠንቀቂያ ስለ መድኃኒት የተነገረን ነው፦ በብዙዎቻችን ቤት ተርፎ የሚቀመጠው አሞክሲሲሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለጊኒ ፒግ በአፍ ቢሰጥ የአንጀቱን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ ሊገድለው ይችላል።

በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እንድንመዝናቸውም ነገሩን፤ ይህ እንስሳ ሕመሙን ስለሚደብቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የክብደት መቀነስ ነው። ለሁለት የሚሆነው ቤት ደግሞ ቢያንስ 7.5 ስኩዌር ፊት ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ሱቆች የሚሸጧቸው ብዙዎቹ ከዚህ ያንሳሉ። አንድ ብቻውን የሚሰጡት በተለየ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር አይደለም። በስዊዘርላንድ ከ2008 ጀምሮ ጊኒ ፒግን ያለ ጓደኛ ማኖር በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ እነዚህ ሰዎች ማንም ሳያስገድዳቸው ያንኑ ደንብ ይጠብቃሉ።

ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። ሁሉም ሌላ ሥራ ያላቸው ስለሆኑ መልስ ለመስጠት ይዘገያሉ፤ ቀጠሮ የሚገኘውም በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ነው። የማመልከቻው ቅጽ ረጅም ከመሆኑም በላይ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ውላ እንስሳቱን የምትመግበው እናቴ የተሰጠንን የአመጋገብ ወረቀት ማንበብ ስላልቻለች፣ እኔ በአማርኛ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩላት። ግልባጩን ለቡድኑ ስልክላቸው ለሌሎች አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች እንደሚሰጡት በደስታ ገለጹልኝ፤ በእኔ ግምት ይህ ቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነበር።

የሚጠይቁት ክፍያ መጠነኛ ነው፤ ለእንደዚህ ያለ እንስሳ የሠለጠነ ሐኪም አንድ ጊዜ ለማየት ከሚያስከፍለው ያንሳል። ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ለሚኖር እንስሳ የሕክምናውን ወጪ መሸፈን የማይችል፣ ወይም ኃላፊነቱን ሁሉ ለሕፃን ልጅ ሊተው የሚያስብ ቤተሰብ ግን ባይወስድ ይሻላል። ውሉ ላይ እንደተጻፈው፣ ማሳደግ ያልቻለ ሰው እንስሳቱን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ሳይሆን ለራሳቸው ለበጎ ፈቃደኞቹ መመለስ አለበት፤ እነሱም ሳይወቅሱ ይቀበላሉ። ወስዶ ማሳደግ ለማይችል ሰውም ቦታ አላቸው፦ አሁን በብርቱ የሚፈልጉት ቅዳሜ ጠዋት አይ 95 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ አንዱን ምዕራፍ የሚነዳላቸው ባለመኪና ነው።