የሚሳል ምላጭ ወይስ የሚቀየር? ከመግዛታችሁ በፊት በስንት ጊዜው እንደሚሳል እወቁ

ብዙ ሰው እንደ ሰንጢ የሚታጠፈውን ምላጭ ሊገዛ ሲነሳ የሚጠይቀው ዋጋውንና የእጀታውን ውበት ነው። እኔ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ የምለው ሌላ ነው። ይሄ ነገር በስንት ጊዜው ይሳላል? ማንስ ይስለዋል? የቱን እንደምትገዙ የሚወስነው የዚህ መልስ ነው።

ዓይነቱ ሁለት ነው። አንዱን ከፀጉር ቤት እናውቀዋለን፤ መያዣው ተከፍቶ ለሁለት የተሰበረ ምላጭ ይገባበትና አንድ ሰው ከተላጨበት በኋላ ይጣላል። ሌላው ስለቱ የራሱ ነው። ይሳላል እንጂ አይቀየርም፣ በወጉ ከተያዘም ከአባት ለልጅ ይተርፋል። ለፀጉር ቤት ከሆነ ክርክር የለውም፣ የሚቀየረውን ግዙ። በአንድ ስለት ሁለት ሰው መላጨት ኤችአይቪንም የጉበት ቫይረስንም ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መሳያ ድንጋይና ምላጭ የሚፋጭበት የከብት ቆዳ ደግሞ ስለት ያወጣሉ እንጂ ጀርም አይገድሉም።

ለራሳችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የሚቀየረው ሲገዛ ርካሽ ነው፣ እንክብካቤም አይፈልግም፣ አዲስ ምላጭ በገባበት ቁጥር ስለቱ ያው ነው። ግን ቀላልና ስስ ስለሆነ እጅ ትንሽ ከሳተ ቶሎ ይቆርጣል። የሚሳለው ክብደት ስላለው ፊት ላይ ረጋ ይላል፣ በደንብ የተሳለ ከሆነም ጫና ሳያስፈልገው ይሄዳል። ፀጉራችን ጥቅልል ለሆነ ሰዎች ሁለቱም ብዙ ስለት ከተደረደረበት መላጫ ይሻላሉ። ያኛው ፀጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፣ ከዚያ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይበቅልና ያ የምናውቀው ሽፍታ አንገት ላይ ይወጣል። የፀጉሩን አቅጣጫ ተከትላችሁ ላጩ፣ አትጫኑ። የዶለዶመ ምላጭ ግን ያስጫናችኋል፤ ለዚህ ነው ስለ መሳል ይህን ያህል የማወራው።

እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ሥራ ያደበላልቃሉ፤ የከብት ቆዳ ላይ ማፋጨትንና ድንጋይ ላይ መሳልን። ቆዳ ላይ ማፋጨት ሁልጊዜ ከመላጨት በፊት ነው፣ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ማመላለስ። የምላጩ ጀርባ ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፣ ጫፍ ላይ ስትደርሱም በጀርባው ታዞሩታላችሁ። በስለቱ ካዞራችሁት ቆዳው ይቆረጣል፣ ምላጩም ይጎዳል። ማፋጨት ብረቱን ብዙም አይበላውም፣ የተጣመመውን ስለት ነው የሚያቃናው። ድንጋይ ግን ብረት ይበላል። ስለዚህ በየቀኑ ለሚላጭ ሰው ድንጋይ ከ3 እስከ 6 ወር አንዴ ይበቃል፣ በሳምንት ሁለቴ ለሚላጭ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ቀን ቆጥራችሁ አትሳሉ። በደንብ አፋጭታችሁት አሁንም ፀጉር የሚጎትት ከሆነ ያኔ ጊዜው ደርሷል።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ድንጋይ ላይ አወጣው ነበር። ጥፋቱ የምላጩ አልነበረም፤ ቆዳውን አላልቼ ስለምይዘው በእያንዳንዱ ምልልስ ስለቱን ራሴ አዶለዱመው ነበር። ወጥሬ መያዝ ስጀምር ድንጋዩ መሳቢያ ውስጥ ወራት ተቀመጠ።

ቆዳውን ከውጭ ማስመጣት ግዴታ አይደለም። ቀበቶ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ሄዳችሁ ምንም ያልተሰፋበት፣ ለስላሳና ወጥ የሆነ የከብት ቆዳ ማስቆረጥ ትችላላችሁ። ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ስለቱ በሙሉ ስለሚያርፍበት ለጀማሪ ይቀላል። ጠባብ ከሆነ ምላጩን እያንሸራተታችሁ በሰያፍ መሄድ አለባችሁ፣ እሱ ልምድ ይጠይቃል።

መሳያ ድንጋይ የሚጠራው በቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን ድንጋዩ ይልማል። 1000 የተሸረፈ ወይም ጨርሶ የዶለዶመ ምላጭ እንደ አዲስ የሚጀመርበት ነው። 4000 እና 8000 መሃል ላይ ናቸው፣ ኖርተን የሚባለው ኩባንያ ሁለቱን በአንድ ድንጋይ አጣብቆ ይሸጣል። 12000 ማጠናቀቂያ ነው፣ ከታወቁት አንዱ ናኒዋ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ድንጋይ ነው። ተስሎ የተዘጋጀ ምላጭ ለገዛ ሰው የምመክረው 12000ውን ብቻ ነው፤ ጀማሪ 1000 ከያዘ ጥሩ ምላጭ በአንድ ከሰዓት ሊጨርስ ይችላል። ከቤልጂየም አርደን የሚወጣው ኮቲኩል የሚባለው የተፈጥሮ ድንጋይ ደስ የሚል ስለት ይሰጣል፣ ግን ውድ ነው፣ አንዱ ከሌላው ይለያያል፣ ለመጀመሪያ ግዢ አልመርጠውም።

ርካሽ አማራጭም አለ። መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ ብናኙ 1 እና 0.3 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) የሆነ ማለስለሻ ወረቀት ይሸጣል። ከአሜሪካ ሰው ሲመጣ ድንጋይ ሻንጣ ይከብዳል፣ ይሄ ግን ፖስታ ውስጥ ይገባል። ክሮሚየም ኦክሳይድ የሚባለው አረንጓዴ ማለስለሻ ቅባትም ለብቻው በተዘጋጀ ቆዳ ላይ በስሱ ተቀብቶ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ሲፋጭበት የድንጋዩን ጊዜ በሳምንታት ያራዝማል። ካበዛችሁት ግን ስለቱ ይድቦለቦላል።

ብረቱን በተመለከተ፣ የሚዝገው የካርቦን ብረት ለመሳል ይቀላል፣ የማይዝገው ድንጋይ ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ደጋ ላይ የምትኖሩ ካርቦኑን ግዙ። ጅዳ ወይም ዱባይ ያላችሁ ግን እርጥበቱን አስቡበት። ካርቦን ከመረጣችሁ አድርቃችሁ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ቀቡት። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ እየቆየ ይጣበቃል።

የጀርመኗ ሶሊንገን ከተማ ምላጭ ስሙ ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ጥሩ መነሻ ነው። አሮጌ የእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ምላጭ ካገኛችሁም መልካም ነው፣ ግን አንዳንዶቹ ወፍራም ስለሆኑ ድንጋይ ላይ ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ። እኔ አንዴ እጀታው ያማረ፣ ዋጋው የረከሰ ምላጭ በኢንተርኔት ገዝቼ ጀርባው ጠማማ ስለነበር ምንም ድንጋይ አላስተካከለውም። ስለዚህ ምላጩ እጃችሁ እንደገባ ወፍራም መስታወት ላይ አስተኙት። ጀርባውና ስለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወቱን መንካት አለባቸው። ከተወዛወዘ ሳትላጩበት መልሱት።