ብሬድ ኤንድ ፐፔት፣ ግሎቨር (ቨርሞንት)፦ ከሰርከሱ በፊት ጎተራውን እዩ

ብሬድ ኤንድ ፐፔት («ዳቦና አሻንጉሊት») በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት የሚገኝ የግዙፍ አሻንጉሊቶች ቲያትር ቡድን ነው። ብዙ ሰው ወደ ግሎቨር የሚሄደው በሞቃቱ ወራት (በሐምሌና ነሐሴ ገደማ) እሁዶች ሜዳ ላይ ለሚታየው የቡድኑ ሰርከስ ነው። ከቦስተን በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱና መጀመሪያ የአሻንጉሊቶቹ ሙዚየም ወደሆነው አሮጌ የድርቆሽ ጎተራ ግቡ። ዘበኛም አስጎብኚም አትጠብቁ። መብራቱን ራሳችሁ ታበራላችሁ፣ ስትወጡ ራሳችሁ ታጠፋላችሁ።

ከሲሌዥያ (ያኔ የጀርመን፣ ዛሬ በአብዛኛው የፖላንድ አካባቢ) የመጣው ቀራጺ ፒተር ሹማንና ባለቤቱ ኤልካ ቡድኑን ኒውዮርክ ውስጥ የመሠረቱት በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ዝነኛ የሆነው በቬትናም ጦርነት ተቃውሞ ሰልፎች ላይ ግዙፍ አሻንጉሊቶችን ይዞ በመውጣቱ ነው። በ1970 ወደ ቨርሞንት ተዛወረ።

የአሻንጉሊቶቹን አሠራር ለማወቅ ፊቶቻቸውን በቅርብ ማየት ይበቃል። መጀመሪያ ቅርጹ በሸክላ ጭቃ ይወጣል፤ የአስቤዛ ከረጢት የመሰለ ቡናማ ወረቀት ተቀዶ፣ በበቆሎ ስታርች ሙጫ ተነክሮ፣ እየተደራረበ ይለጠፍበታል። ሲደርቅ ከጭቃው ይላቀቃል። ባዶ ቅርፊት ስለሆነ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፊት እንኳ በእንጨት ዘንግ ይነሳል። ጣጣው ግን ከዚያው ይመጣል፦ ስታርች እርጥበት ይስባል፣ አይጥም ይወደዋል፣ ጎተራው ደግሞ ማሞቂያ የለውም። የተላጠ አፍንጫ፣ የጎበጠ ጉንጭ ብታዩ አትገረሙ። እንደኛ ግምት መበስበሱ ራሱ ያምርባቸዋል።

ዳቦው በትርኢቱ ቀን በነፃ ይታደላል። ራይ ከሚባለው የስንዴ ዘመድ እህል በእርሾ ቦክቶ፣ ደጅ ባለው ምድጃ የሚጋገር ነው። ሻካራ፣ ጎምዛዛ፣ ጥርስ የሚፈትን፤ ለድፎ ዳቦ ልስላሴ የለመደ ሰው መጀመሪያ ፊቱን ማጨፍገጉ አይቀርም። በዘይት የተመታው ነጭ ሽንኩርት ሲቀባበት ነው ነፍስ የሚዘራው። አትቆጥቡት።

ሰርከሱ ዥንጉርጉር ነው። ነሐስ መለከቶቹና ትልልቆቹ አሻንጉሊቶች ሲገቡ ግሩም ነው፤ አንዳንዱ አጭር ትዕይንት ግን የፖለቲካ ስብከት ሆኖ ይቀራል። ሜዳው ክፍት ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ንግግሩ ይጠፋል፣ ወደፊት ተቀመጡ። ሣር ላይ ነውና ምንጣፍና የዝናብ ልብስ ያዙ። ድሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይጎርፍበት የነበረው የሁለት ቀን ዝግጅት አሁን የለም፦ በ1998 በአቅራቢያው ባለ የድንኳን ሰፈር በተነሳ ጠብ አንድ ሰው ሞተና ዝግጅቱ ቆመ። ለተመልካች የዛሬው አነስተኛ ትርኢት ይሻላል።

ስትወጡ በእጅ የታተሙትን ፖስተሮች ተመልከቱ። ርካሽ ናቸው፣ ሆን ተብሎ ነው።