የቻይና ባቡር፦ የእኛ ይሻላል የኬንያ?

ለገሃር፣ አንበሳው ሐውልት ጋ ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ልጆች በዚህ ሲከራከሩ ሰማሁ። ነገሩ እኔንም ስለሚከነክነኝ ልግባበት። ለሁለቱም ባቡር መሥሪያ ገንዘቡን በዋናነት ያበደረው አንድ ነው፤ የቻይና መንግሥት የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ፣ ኤግዚም ባንክ።

ዋጋ፦ የአዲስ አበባ-ጅቡቲው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። የሞምባሳ-ናይሮቢው 470 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆኖ 3.6 ቢሊዮን ገደማ በላ። በኪሎ ሜትር ካሰብነው የእኛ በጣም ረክሷል።

ጉልበት፦ የእኛ በኤሌክትሪክ፣ የእነሱ በናፍጣ። ናፍጣ በዶላር ይገዛል፣ የእኛ መብራት ግን ከገዛ ወንዛችን ነው የሚመጣው፤ እዚህ ላይ ደስ ይለኛል፣ ችግሩ መብራት ሲቋረጥ ባቡሩም መንገድ ላይ ቀጥ ማለቱ ነው።

ዕዳ፦ ሁለታችንንም ያስጨነቀን ይሄ ነው። ገቢው በብርና በሽልንግ፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የመክፈያ ጊዜው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘምላት ተደራደረች። ኬንያ ደግሞ በ2025 የዶላር ዕዳዋን ወለድ ለመቀነስ ወደ ቻይና ገንዘብ፣ ወደ ዩዋን አዞረችው።

ለተሳፋሪ፦ ሁለቱም ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። እኛ ሻንጣ ተሸክመን እስከ ፉሪ ለቡ መሄድ አለብን፣ ድሮ እዚሁ ለገሃር ደጃፍ ላይ ያፏጭ የነበረው ባቡር ትዝ ይላል።

ወደብ ለሌለውና ኮንቴይነር ከሩቅ ለሚያመላልስ አገር የእኛው ዓይነት ያዋጣል። ወደቡ በእጁ ሆኖ በሁለት ትልልቅ ከተሞች መካከል ብዙ መንገደኛ ላለው ደግሞ የኬንያው።