ጣሪያው ላይ አልጋ የተጫነበት ላንድ ክሩዘር፦ ከስታዲየም እስከ ሳነቴ

አዲስ አበባ መሀል፣ ስታዲየም አካባቢ ካሉት የመኪና አከራዮች አንዱ ፖርቶመጋላው ላይ ታጣፊ ድንኳን የተገጠመለት ላንድ ክሩዘር ያከራያል። ከኋላ ባለሁለት ምድጃ ቡታጋዝ፣ ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ፣ ታጣፊ ጠረጴዛና ወንበር አለው። አዋሽ ወርዶ ሳላ ማየት ለሚፈልግ ሰው ቁልፍ ተቀብሎ መሄድ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ባሌ ለሚወጣ ግን ዝግጅቱ ገና ግማሽ ነው፤ ዕቃው ሁሉ የተሰናዳው ለቆላ ሙቀት ነውና። የጎደለውን ደግሞ ከከተማ ሳይወጡ መሙላት ይቻላል።

ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ ባለስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። መኪናው አርጅቷል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኪራይ ላይ አዲስ መኪና መጠበቅ ይከብዳል። ይህን ሞተር ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ በየከተማው ስላለ ዕድሜው ብቻውን አያስፈራም። የሚያስቸግረው ከፍታው ነው። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሲሶ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ያንኑ ስስ አየር ነው። ከጎባ ወደ ሳነቴ፣ ማለትም ወደ ባሌ ተራሮች ከፍተኛ ሜዳ፣ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ካበዛ ነዳጅ መርገጫውን ላላ አድርጎ ማርሽ መቀነስ እንጂ መጫን አይጠቅምም፤ የተጨመረው ናፍጣ የሚቃጠልበት አየር የለውም። የአየር ፊልትሮው ከመነሻው ተከፍቶ በንፋስ ይጽዳ። አከራዩ ይህን ካልተጠየቀ አያደርግም።

ውሉ በቀን 200 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ በኪሎ ሜትር ያስከፍላል። በአዳማ፣ አሰላና ዶዶላ አድርጎ ጎባ መድረስ ብቻውን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ገደቡ በየቀኑ ሳይሆን በጠቅላላው የኪራይ ቀናት እንደሚታሰብ ውሉ ላይ ይጻፍ። የሹፌሩ አበልና ማደሪያም እንዲሁ። ድንኳኑ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ሹፌር በዚያ ብርድ ወንበር ላይ ይደር ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ፖርቶመጋላውን ጊዜ ወስዳችሁ መርምሩ። ድንኳኑ 60 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ ጭነት የተንጠለጠለው በጥቂት ቡሎኖች ነው። አስፋልት ላይ ምንም አይሰማም። ኮረኮንች ላይ ንዝረቱ ዳዶዎቹን ቀስ በቀስ ይፈታቸዋል፤ መጀመሪያ ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ቀጥሎ የፖርቶመጋላው እግር የጣሪያውን ጠርዝ መፋቅ ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዳዶና ቡሎን ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። እዚህ መኪና ላይ የሚሠራው 13 ቁጥር ቁልፍ ነው፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ስለሌለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከኮረኮንቹ የመጀመሪያ 50 ኪሎ ሜትር በኋላም አጥብቁ። ክሪኩና ስኮርታው አሉ፤ የስኮርታው ንፋስ ግን ጎሚስታ ዘንድ ይለካ።

ሸራው ጥሩ ነው፣ ወፍራምና በደንብ የተሰፋ። ነገር ግን አጣጥፈው ሲያስረክቡ የሻጋታ ሽታ አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያለፈው ተከራይ እርጥቡን አጥፎ መልሶታል፣ ግቢው ውስጥም አልተዘረጋም። ሳትፈርሙ አዘርጉት፤ ገብታችሁ ዚፑን ዝጉና አንዱ በውጭ በስልክ መብራት ስፌቱን ይከተል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ዝናብም ያሳልፋል።

ፍራሹ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ብርዱ የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው፤ ነፋስ በመኪናው ጣሪያና በድንኳኑ ወለል መካከል ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ብርድ ልብስ ካላችሁ አንዱ ከሥር ይነጠፍ፣ ጋቢው ከላይ ይሁን። በበጋ ሳነቴ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። መስኮቱን ግጥም አድርጎ መዝጋት ሌላው ስሕተት ነው፤ የሁለት ሰው ትንፋሽ ሸራው ላይ ውሃ ሆኖ ጠዋት ፊት ላይ ይንጠባጠባል። በሁለቱም በኩል አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን። ቡታጋዙን ግን ድንኳን ውስጥ ለማሞቂያ ማብራት ሞት ነው።

ምግብ ላይ አጭር ምክር፦ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ86 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ክክ ጋዝ ይጨርሳል እንጂ አይበስልም። ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃሉ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ከጎባ በፊት ባለችው ዲንሾ እደሩ፤ ሰውነት ከፍታውን ይለምዳል፣ ጋይሳይ ሜዳ ላይም የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከመንገድ ሆኖ ይታያል። ሳነቴ ላይ ደግሞ የዚህ መኪና ትክክለኛ ዋጋ ይገለጣል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው፤ የሚያድኑትም አይጥና ፍልፈል በቀን ስለሚወጡ በቀን ነው። መንገዱ ዳር ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ በሩን አትክፈቱ። ቀበሮው ከመኪናው ይልቅ የሚሸሸው ከመኪናው የወረደውን ሰው ነው። ቀበሮውን ከመፈለግ ፍልፈሉን መፈለግ ይቀላል፦ ትኩስ አፈር የተቆለለበትን ጉድጓድ ያዙና ጠብቁ። ፍልፈሉ ግማሽ አካሉን ብቻ ብቅ አድርጎ ሣሩን በጥርሱ ይነጭና ወደ ኋላ ይሰወራል። በዚያ አቅጣጫ ጆሮውን ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ድርቅ ያለ ቀይ ነገር ካያችሁ እርሱ ነው። ነጭ ጉሮሮውና ጥቁር የጅራቱ ጫፍ ያረጋግጡላችኋል። ከመንገድ ወጥቶ መጠጋት የፍልፈሉን ጉድጓድ መናድ ነው፤ ትርፍ ምግብ መጣልም ውሻ ይስባል፣ ውሻ ደግሞ ለቀበሮዎቹ የእብድ ውሻ በሽታን ያመጣል።

አከራዩ ከኪራዩ ጋር የሚሰጠው አቅርቦ ማሳያ መነጽር 10 በ25 ነው (10 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው)፤ ተዉት። 25ን ለ10 ስታካፍሉ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ስፋት 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ንጋት ላይ ይጨልማል። 8 በ42 ያለው ሰው ተዋሱ፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ያሳልፋል፣ እጅም ላይ ያን ያህል አይንቀጠቀጥም።

ስትመለሱ ሸራው እርጥብ ከሆነ ግቢው ውስጥ ካልተዘረጋ አታስረክቡ፣ ሁኔታውንም ፎቶ አንሡ። የማስያዣ ገንዘብ ላይ ክርክር የሚነሣው በዚሁ ሸራ ነው።