ማታ ተመልሳ መጥታ የእናቴን ዶሮዎች ላተረፈችው የእንስሳት ሐኪም

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የእናቴን ዶሮዎች ከእልቂት፣ እናቴንም ከብዙ ሐዘን ላወጣች አንዲት የእንስሳት ሐኪም በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም በጓሯችሁ ዶሮ፣ ጥንቸል ወይም ፍየል የምታረቡ ሁሉ ችግር በገጠማችሁ ጊዜ እኛ የተንከራተትነውን ያህል ሳትንከራተቱ በቀጥታ ወደ እሷ እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ምስጋናው ዘግይቷል፤ ነገር ግን ከልብ ነው።

እናቴ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ውሎዋ ጓሮዋ ውስጥ ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮዎች፣ አንድ አውራ ዶሮና ጥቂት ጥንቸሎች አሏት፤ እያንዳንዳቸውን በመልክና በጠባይ ለይታ ታውቃቸዋለች። ስለዚህ ነገሩ መበላሸት ሲጀምር ከሁላችን ቀድማ የተረዳችው እሷ ናት። መጀመሪያ እንቁላሉ ቀነሰ። ቀጥሎም የዶሮዎቹ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እየገረጣ ሄደ፤ አንዳንዶቹም ላባቸውን ነፍተው ጥግ ይዘው መቆም አበዙ። ከሁሉ ይልቅ እናቴን ያስጨነቃት ግን ሲመሽ ወደ ቤታቸው አንገባም ማለታቸው ነበር። ቀድሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተሽቀዳድመው ቆጥ ላይ የሚወጡት ዶሮዎች በሩ ላይ ደርሰው ያንገራግራሉ፤ ተይዘው ካልገቡ በቀር ውጭ ማደርን ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ ጠዋት በሩ ሲከፈት ከቆጡ ሥር ሞታ የምትገኝ ዶሮ መታየት ጀመረች።

ያኔ የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠቅስም። ሆኖም የደረሰብንን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በተመሳሳይ መንገድ እየተጉላላ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ጥያቄያችንን እንኳ አስጨርሶ ሳይሰማ በውኃ የሚበጠበጥ አንቲባዮቲክ ሰጠን። ዶሮዎቹ መድኃኒቱን እየጠጡ ሳሉ የሚጥሉት እንቁላል ለተወሰነ ጊዜ መበላት እንደሌለበት የነገረን ሰው አልነበረም፤ ይህን ያወቅነው ከወራት በኋላ ከዚህችው ሐኪም ነው፤ እስከዚያ ግን እንቁላሉን የወንድሜ ልጆች በልተውታል። ሌላው ቦታ ቫይታሚን ነው የሚያስፈልጋቸው ብሎ ቫይታሚን ሸጠልን፤ ቫይታሚኑ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቫይታሚን ጨመረልን። ቤት ድረስ እንዲመጣልን ከፍለን የጠራነው ባለሙያ ደግሞ የዶሮ ቤቱን ደጃፍ እንኳ ሳያልፍ ከግቢው በር ላይ ቆሞ «ፈንግል ነው፤ ያሉትን አርዳችሁ ጨርሱ» ብሎ ሄደ። እናቴ ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። ሰው ያሳደገውን እንስሳ፣ ያውም ሳይታይና ሳይዳሰስ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲፈረድበት መስማት ምን ያህል እንደሚያም ያየ ያውቀዋል።

ከጥንቸሎቹ አንዷም በጆሮዋ ውስጥ ወፍራም ቅርፊት አውጥታ ነበር። ለዚያም ሌላ ቦታ ወስደናት ቅርፊቱን በጉልበት ፍቀው ጆሮዋን አድምተው መለሱልን፤ እንስሳዋም ከዚያ በኋላ እጅ ሲቀርባት መንቀጥቀጥ ጀመረች።

የዚህችን ሐኪም ስልክ የሰጠችን ፍየል የምታረባ ጎረቤታችን ናት። ስደውልላት ተስፋ አልነበረኝም፤ የደወልኩት ለእናቴ ብዬ ነው። የዶሮዎቹን ሁኔታ በዝርዝር እንድነግራት አድርጋ፣ አንድም ጊዜ ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝና ከዚያ በፊት ማንም ያልጠየቀንን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ሲመሽ ወደ ቤታቸው በፈቃዳቸው ይገባሉ?» እንደማይገቡ ስነግራት ለአፍታ ዝም አለችና «የሚያድሩበትን ቤት ማየት አለብኝ» አለች። የመድኃኒት ስም አልጠራችም፤ ምንም ግዙ አላለችንም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣች። እናቴን «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ያዩትን ሁሉ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ብላ ከጎኗ ተቀመጠች። እናቴም ለወራት የሚሰማት አጥታ የከረመችውን ሁሉ ተናገረች። ሐኪሟ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች የዓይናቸውን ሽፋን ገለጠች፣ ከክንፋቸው ሥርና ከጅራታቸው ዙሪያ ላባቸውን እየከፈለች አየች፣ ኩሳቸውንም ተመለከተች። ፈንግል ቢሆን ኖሮ፣ ያልተከተቡ ዶሮዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዛት ያልቁ እንደነበርና እንዲህ ለሳምንታት እየገረጡ እንደማይቆዩ አስረዳችን። ከዚያም «የምጠረጥረው ነገር አለ፤ ነገር ግን በቀን ብርሃን ራሱን አያሳይም። ከመሸ በኋላ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። እውነቱን ለመናገር ትመለሳለች ብዬ አላመንኩም ነበር። ከዚያ በፊት «እንመለሳለን» ያሉን ሁሉ አልተመለሱምና።

እሷ ግን ተመለሰች። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሰፍረው ጸጥ ካሉ በኋላ ባትሪ ይዛ ወደ ቤቱ ገባች፤ እናቴና እኔም ተከተልናት። ከቦርሳዋ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አውጥታ በቆጡ እንጨት ሥር፣ ዶሮዎቹ እግራቸውን ካሳረፉበት ተቃራኒ በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር ጫን አድርጋ ጠረገችበት። ጨርቁን ገልብጣ በባትሪው ስታበራበት በደም ተዥጎርጉሯል። ጠጋ ብለን ስናይ በደሙ መካከል 1 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞሉ ነጠብጣብ የሚመስሉ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ቅንቅን ነበር። ቀን ቀን በእንጨቱ ስንጥቅና በእንቁላል መጣያ ሣጥኖቹ መገጣጠሚያ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ የተኙትን ዶሮዎች ደም ይመጥጣል፤ ሊነጋጋ ሲልም ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። በቀን የመጣ ሰው ዶሮዋን አገላብጦ ቢያያት አንድም ላያገኝባት ይችላል። ዶሮዎቹ ወደ ቤታቸው አንገባም ያሉት እዚያ ምን እንደሚጠብቃቸው ስለሚያውቁ ነበር፤ እኛ ሰዎቹ ብቻ ነበርን የማናውቀው። በውኃ በጥብጠን ያጠጣነው አንቲባዮቲክም ቅንቅን የሚገድል መድኃኒት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ከልቤ የማይጠፋው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያደረገችው ነው። ከሣጥኖቹ በአንዱ ውስጥ እንቁላል ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ ነበረች፤ ከታቀፈችም ከ21ዱ ቀን ገሚሱን አልፋለች። የምታቅፍ ዶሮ ሌሊትም ቀንም ከቦታዋ ብዙም ስለማትነሣ ቅንቅኑ የበረታው በእሷ ላይ ነበር፤ ባትሪው ሲበራባት ራሷን ቀና ማድረግ እንኳ አቅቷታል። እናቴ «ይህችስ አለቀላት» አለች። ሐኪሟ መልስ ሳትሰጥ ዶሮዋን በሁለት እጇ በቀስታ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ በላባዋ ውስጥ የቀረውን ቅንቅን የሚገድለውን መድኃኒት በጥንቃቄ አደረገችላት፤ ከዚያም ጣቷን ውኃ እየነከረች ከመንቆሯ ጫፍ ላይ ጠብ እያደረገች እስክትውጥ ድረስ ጠበቀች። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴን እያባበለች ታነጋግራት ነበር። እንቁላሎቹንም አንድ በአንድ እያነሣች እየጠራረገች ከባትሪው ብርሃን ፊት ያዘቻቸው፤ በአንዱ ውስጥ ቀያይ የደም ሥሮች ተዘርግተው በመካከላቸው ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ ለእናቴ አሳየቻት። «እማማ፣ ይኸው፣ ሕይወት አለው» አለቻት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ስታሳድግ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ሕይወት ያላቸውን እንቁላሎች ለይታ በአዲስ ካርቶን ውስጥ አዲስ ጭድ ጎዝጉዛ አስቀመጠች፤ ዶሮዋንም ከሌሎቹ ርቃ በቤቱ በረንዳ ላይ እንድታድር አደረገች። ዶሮዋ ጥቂት ተቁነጠነጠችና እንቁላሎቹን በመንቆሯ ወደ ሆዷ ሰብስባ ተቀመጠችባቸው።

ስለ ሕክምናው በዝርዝር ልነግራችሁ አልችልም፤ የመድኃኒቶቹን ስምና አሠራር የምታውቀው እሷ ናት፤ መጠኑም እንደ እንስሳው ስለሚለያይ ከእኔ ሰምታችሁ እንድትሞክሩት አልፈልግም። እኛ በእሷ መሪነት የሠራነውን ብቻ ልንገራችሁ። የዶሮ ቤቱን ባዶ አድርገን አሮጌውን ጉዝጓዝ በሙሉ አውጥተን አቃጠልን፤ ስንጥቁን ሁሉ ፍቀን በፈላ ውኃ አጠብን፤ ከዚያ የታዘዘውን መድኃኒት በየመገጣጠሚያው ረጨን። ከጣሪያው ሥር የነበረውን ባዶ የወፍ ጎጆም አነሣን፤ ቅንቅኑ በዱር ወፎችም ይመጣልና። ቆጡ ግድግዳ እንዳይነካ ተደርጎ እንደገና ተሠራ፤ እግሮቹም ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ቆሙ። ርጭቱን በሳምንቱ እንድንደግመው አጥብቃ አሳሰበችን፤ ቅንቅኑ በሞቃት ጊዜ በ7 ቀን ገደማ ከእንቁላልነት ተነሥቶ ለመራባት ስለሚደርስ የመጀመሪያው ርጭት ያመለጠው ሁሉ ተፈልፍሎ ይጠብቃል። ደም ሳይመጥ ለወራት መቆየት ስለሚችልም ቤቱን ዝም ብሎ ባዶ መተው እንደማይጠቅም ነገረችን። ከመድኃኒቱ በኋላ የሚጣለውን እንቁላል ለስንት ቀን መብላት እንደሌለብን በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችልን። ለዚህ ወረቀት ብቻ እንኳ አመሰግናታለሁ።

ማንም ሳይነግራት ጥንቸሎቹንም አየች። የታመመችውን ጥንቸል በፎጣ ጠቅልላ ይዛ፣ ቅርፊቱ በፍጹም መፈቅፈቅ እንደሌለበት፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ እጅግ የሚያም እንደሆነና ተገቢው ሕክምና ሲሰጣት ቅርፊቱ ራሱ ረግፎ እንደሚወድቅ አስረዳችን። እንዳለችውም ሆነ። ዛሬ ጥንቸሏ ከእናቴ እጅ ላይ ቅጠል ትበላለች።

ዶሮዎቹ ካገገሙ በኋላ ደግሞ ለፈንግል ክትባት ተመልሳ መጣች። የታመመ ዶሮ ስለማይከተብ እስኪያገግሙ መጠበቅ ነበረባት። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዛ መጥታ፣ ከበጠበጠችው በኋላ ጊዜ ሳትሰጥ እያንዳንዷን ዶሮ ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ አድርጋ፣ ዶሮዋ ዓይኗን ጨፍና እስክትገልጥ ድረስ ሳትለቃት ትጠብቅ ነበር። አንዷንም አላስቸኮለችም። ፈንግል አንዴ ከገባ መድኃኒት እንደሌለው፣ ዋናው መከላከያው ክትባት እንደሆነም ያኔ አስረዳችን። ቀድሞ በሌላ ቦታ ክትባት ተብሎ ከመስኮት ዳር፣ ፀሐይ ከሚመታው መደርደሪያ ላይ ተነሥቶ ሲሰጠን የተቀበልነውን ሳስታውስ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያቺ ታቃፊ ዶሮ ጫጩቶቿን ፈልፍላለች። የቀሩትም ዶሮዎች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ቀድሟቸው እየተሽቀዳደሙ ይገባሉ፤ እንቁላሉም ተመልሷል። ሐኪሟ ለማታው ምልልስ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀችንም፤ ልንሰጣት ስንሞክርም የተስማማንበትን ብቻ ተቀብላ ሄደች።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ በየቦታው አይገኝም። ዶሮዎቻችሁ ሲገረጡ፣ እንቁላል ሲያቆሙ፣ ማታ ቤታቸውን ሲጠሉ፣ ወይም ጥንቸላችሁ ጆሮዋን ደጋግማ ስታክ፣ እባካችሁ መድኃኒት ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ለእሷ ደውሉላት። ደግሜ እላለሁ፣ ደውሉላት። ስልክ ላይ ብዙ ትጠይቃችኋለች፤ ስለዚህ እንስሳቱ የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚበሉ፣ የትኛው መቼ መታመም እንደጀመረና እስካሁን የተሰጣቸው መድኃኒት ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ አስተውሉ፤ ካላችሁም የመድኃኒቱን ዕቃ አትጣሉት፣ ማየት ትፈልጋለች። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ እዚህ አልጻፍኩትም፤ በውስጥ መስመር ለምትጽፉልኝ ሁሉ ግን በፈቃዷ እልክላችኋለሁ።

ዶክተር፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ እናቴ «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላሻለች። እኔም ከእሷ ጋር ከልቤ አመሰግንሻለሁ።